ስም የሌለው ወረቀት፤ የፋይሉ ስም በኅትመቱ ላይ እንዲወጣ ለምን እንጠይቃለን?



እኛ በማኅበረሰብ ክሊኒክ የምንሠራ ነርሶች ደም ስንቀዳ በምንም ምክንያት የማንዘልላት አንዲት ሥርዓት አለች። ደሙ ወደ ቱቦው እንደ ገባ፣ ታካሚው ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ስሙና የመታወቂያ ቁጥሩ ያለበት ተለጣፊ ወረቀት በቱቦው ላይ ይለጠፋል። ስም የሌለው ቱቦ ላቦራቶሪ ቢደርስም አይመረመርም፤ ታካሚው እንደገና ተጠርቶ ክንዱን ይዘረጋል። ምክንያቱም የአንዱ ሰው ደም ከሌላው ሰው ደም በዓይን አይለይም።

ዛሬ በዚህ ገጽ የምናነሳው ጉዳይ ግን ስለ ደም ሳይሆን ስለ ወረቀት ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው አንዱ የአማርኛ ጽሑፍም ከሌላው የአማርኛ ጽሑፍ በዓይን አይለይም። በምንኖርበት አገር በአማርኛ የሚታተመውን የጤና መመሪያ፣ የሠርግ ጥሪና የመታሰቢያ መጽሔት በማተሚያ ቤት የሚያዘጋጁት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ፊደላችንን አያነቡም። ታዲያ አሮጌውን ከአዲሱ በምን ይለዩታል? መልሱ ትንሽ የሚመስል ነገር ነው፤ የፋይሉ ስምና ቀን በሚታተመው ወረቀት ጠርዝ ላይ በኮምፒዩተሩ አማካይነት ራሱ እንዲጻፍ ማድረግ ነው። ይህን የተማርነው ከራሳችን ስሕተት ስለሆነ በቅድሚያ የደረሰብንን እንነግራችኋለን።

የሦስት ቀን ሥጋ

እንደሚታወቀው በእስራኤል ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 74 ዓመት የሆኑ ሰዎች የትልቁን አንጀት ካንሰር አስቀድሞ ለማግኘት በየዓመቱ በሰገራ ውስጥ የተሰወረ ደም መኖር አለመኖሩን እንዲመረመሩ ይመከራል። በዕብራይስጡ «ዳም ሳሙይ» የሚባለው ምርመራ ነው። በቀድሞው ዓይነት ምርመራ ሰውየው ለጥቂት ቀናት ከቀይ ሥጋ መከልከል ነበረበት፤ ናሙናውንም በተለያየ ጊዜ እየወሰደ በካርቶን ላይ ይቀባ ነበር። በኋላ በመጣው ምርመራ ግን የምግብ ክልከላ የለም። ናሙናው በትንሽ ቱቦ ውስጥ ባለች ዘንግ ይወሰዳል፤ ሥራው ያን ያህል ብቻ ነው።

ምርመራው ሲለወጥ እኛም የአማርኛውን መመሪያ እንደ አዲስ ጻፍነው። ሥዕሉ፣ ቀለሙና የገጹ አቀማመጥ ግን እንዳለ ቀረ። አዲሱን ፒዲኤፍ በኢሜይል ወደ ማተሚያ ቤቱ ላክን። በማተሚያ ቤቱ ኮምፒዩተር ውስጥ ግን ከዚህ ቀደም የታተመው አሮጌ ፋይልም ተቀምጦ ነበር። የሁለቱም ስም ተመሳሳይ ነበር፤ «መመሪያ አማርኛ» ከማለት ያለፈ መለያ አልነበራቸውም። ሠራተኛው አሮጌውን ከፈተ። በዕብራይስጡ «ሃጋሃ» የሚባለውን የማረሚያ ቅጂ አትሞ ወደ ቢሮ ላከ። በቢሮ ያለችው ጸሐፊ አማርኛ አታነብም፤ ሥዕሉ ያው፣ ፊደሉ ያው ነውና ፈረመች። ሳጥኑ ሲደርስ አማርኛ የምናነበው እኛም ከፍተን ሳናነበው ለታካሚዎች ማደል ጀመርን። በዚህ በኩል ጥፋቱ የኛም ነው።

ስሕተቱ የታወቀው ከወራት በኋላ አንዲት እናታችን ለደም ግፊት ክትትል በመጡ ጊዜ ነው። «እማማ፣ ዳም ሳሙይን አላመጡልንም» ስንላቸው፣ «ልጄ፣ እንዴት አድርጌ?» አሉን። «ወረቀቱ ሦስት ቀን ሥጋ አትብላ ይላል ብላ ጎረቤቴ አነበበችልኝ። መጀመሪያ የወንድሜ ልጅ ሠርግ መጣ። ቀጥሎ ተዝካር ነበረ። ከዚያ ደግሞ በዓል። ሰው ቤት ሄዶ አልበላም ማለት ነውር ነው። ቱቦዋ ግን አለች፤ መደርደሪያ ላይ አስቀምጫታለሁ።»

ወረቀቱን ከቦርሳቸው አውጥተው ሲሰጡን አነበብነው፤ አፈርን። እኒህ እናት ምንም አላጠፉም። ያልታዘዘ ትእዛዝ በቃሉ ጠብቀው ሊፈጽሙ ሲሞክሩ ነው ምርመራው የዘገየባቸው። በዚያው ሳምንት ምርመራውን አደረጉ፤ ውጤቱም ደህና ሆነ። ነገር ግን ደህና ባይሆን ኖሮ የባከኑትን ወራት ማን ይመልስላቸው ነበር? የቀረውን ሳጥን ሰብስበን አስወገድን፤ ወረቀቱን ለወሰዱት ሰዎችም አንድ በአንድ ደወልን።

ከዚያ ወደ ማተሚያ ቤቱ ሄድን። ወጣቱ ሠራተኛ ሁለቱን ፋይሎች ጎን ለጎን ከፍቶ፣ «እባካችሁ የትኛው ነው አዲሱ?» ሲል ጠየቀን። ለእኛ ልዩነቱ ከመጀመሪያው መስመር ይታያል። ለእርሱ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። በዚያን ቀን ቁጣችን በረደ፤ መፍትሔውን አብረን መፈለግ ጀመርን።

ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት የሚያልፍበት መንገድ

አንድ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ መኪናው ከመግባቱ በፊት የሚሠራው ሥራ ሁሉ ቅድመ ኅትመት ይባላል፤ በዕብራይስጡ «ክዳም ድፉስ» የሚሉት ነው። አዘጋጁ ጽሑፉንና ሥዕሉን በገጽ ላይ ያቀናብራል፤ ከዚያ ወደ ፒዲኤፍ ይለውጠዋል። ፒዲኤፍ የተባለውን የፋይል ዓይነት አዶቢ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው ሲሆን በ2008 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ጸድቋል። የተወደደበት ምክንያት ገጹ በማንኛውም ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት አቀማመጡ ስለማይለወጥ ነው። ፊደሉንም በውስጡ ይዞ መጓዝ ይችላል። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ የአማርኛው ፊደል ከፋይሉ ጋር ካልተካተተ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ከሆሄያቱ ይልቅ ባዶ ሳጥኖች ሊወጡ ይችላሉ።

ፒዲኤፉ ማተሚያ ቤት ሲደርስ ይመረመራል። ፊደሉ መካተቱ፣ ሥዕሎቹ ጥራት ያላቸው መሆኑ፣ ቀለሙም ከመቁረጫው መስመር በ3 ሚሊ ሜትር ያህል አልፎ መሄዱ ይታያል። ይህ ትርፍ ቀለም ወረቀቱ ሲቆረጥ ጠርዙ ነጭ ሆኖ እንዳይቀር የሚተው ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ገጾች በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ። በኦፍሴት ኅትመት ለአራቱ ቀለማት፣ ማለትም ለሳያን፣ ለማጀንታ፣ ለቢጫና ለጥቁር፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ የብረት ሰሌዳ ይሠራል። ሰሌዳዎቹ በመኪናው ላይ ይታሰራሉ፤ ወረቀቱ ይታተማል፣ ይታጠፋል፣ ይቆረጣል።

በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ የፋይሉ ስም የት አለ? ስሙ ያለው በኮምፒዩተሩ ዝርዝር ውስጥ ብቻ ነው፤ በገጹ ላይ አልተጻፈም። ነገሩ ስም በፖስታው ላይ ተጽፎ ደብዳቤው ግን ያለ ስም እንደሚቀመጥ ነው፤ ፖስታው ከተጣለ ደብዳቤው የማን እንደሆነ አይታወቅም። የማረሚያ ቅጂው ሲወጣ፣ ሰሌዳው ሲሠራ፣ ወረቀቱ ሲደረደር በእጅ ያለው ነገር ስም የለውም። ሠራተኛው የሚተማመነው በትዝታውና በዓይኑ ነው። በዕብራይስጥ ከሆነ ርእሱን አንብቦ ስሕተቱን ሊይዝ ይችላል። በአማርኛ ግን ይህ ዕድል የለውም።

ኮምፒዩተሩ ራሱ ስሙን እንዲጽፍ የሚደረግባቸው መንገዶች

ስሙን በእጅ መጻፍ ይቻላል። ነገር ግን በእጅ የሚጻፍ ነገር ይረሳል፤ ከባሰም ትናንት የተጻፈው ስም ዛሬ በሌላ ሥራ ላይ ሳይለወጥ ይቀራል። ስለዚህ በማተሚያ ቤቱ ያሳዩን ዘዴዎች በሙሉ ስሙን ከፋይሉ ላይ ወስደው በራሳቸው የሚጽፉ ናቸው። ዝርዝሩን ልጆቻችሁ ወይም የገጽ አዘጋጁ ይሠሩታል፤ እናንተ ግን ምን መጠየቅ እንደሚቻል ብታውቁ ይበቃል።

የመጀመሪያው ገጹ ከሚዘጋጅበት ፕሮግራም ይጀምራል። ብዙ አዘጋጆች የሚሠሩበት ኢንዲዛይን የተባለው ፕሮግራም ፒዲኤፍ ሲያወጣ የማተሚያ ምልክቶችን ጨምሮ ማውጣት ይችላል። ከምልክቶቹ አንዱ «የገጽ መረጃ» የሚለው ነው። ይህ ሲመረጥ የፋይሉ ስም፣ ቀንና ሰዓት፣ የገጹም ቁጥር ከመቁረጫው መስመር ውጭ ባለው ኅዳግ ላይ በደቃቅ ፊደል ይወጣል። ወረቀቱ ሲቆረጥ ጽሑፉ አብሮ ይወገዳል፤ በደንበኛው እጅ አይገባም።

ሁለተኛውም በዚሁ ፕሮግራም ውስጥ ያለ ነው። አዘጋጁ በኅዳጉ ላይ አንድ የጽሑፍ ሳጥን አስቀምጦ «የፋይል ስም» የሚባለውን ተለዋዋጭ ጽሑፍ ያስገባበታል። ሰነዱ በሌላ ስም በተቀመጠ ቁጥር ጽሑፉ አብሮ ይለወጣል። ሳጥኑ አንድ ጊዜ በናሙና ገጹ ላይ ከተሠራ ለሚቀጥሉት ሥራዎች ሁሉ ያገለግላል። ከስሙ ጎን የደንበኛውን ስም፣ የማረሚያውን ዙርና የፊርማ ቦታ መጨመርም ይቻላል።

ሦስተኛው ፒዲኤፉ ካለቀ በኋላ የሚሠራ ነው። ማተሚያ ቤት ከልዩ ልዩ ሰዎች የሚቀበለው ያለቀ ፒዲኤፍ ስለሆነ ይህ መንገድ ለእርሱ ይመቻል። አክሮባት ፕሮ በተባለው ፕሮግራም ውስጥ የፋይሉን ስም አንብቦ በየገጹ ጠርዝ ላይ የሚጽፍ አጭር የጃቫ ስክሪፕት ትእዛዝ ይዘጋጃል። ትእዛዙ አንድ ጊዜ ከተጻፈ በኋላ በአንድ ፎልደር ውስጥ ባሉት ፋይሎች ሁሉ ላይ በተራ ይሠራል። ትላልቅ ማተሚያ ቤቶች ደግሞ ፎልደሩን ራሱ የሚጠብቅ ፕሮግራም አላቸው፤ ፋይል ሲገባበት ያለ ሰው እጅ ስሙን አትሞ ወደሚቀጥለው ፎልደር ያስተላልፈዋል። ገጾቹን በትልቁ ወረቀት ላይ የሚደረድሩት ፕሮግራሞችም የሥራውን ስም በወረቀቱ ጠርዝ ላይ መጻፍ ይችላሉ።

ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ነጥቦች

ማንኛውም መድኃኒት የአወሳሰድ ሥርዓት እንዳለው ሁሉ ይህም አለው። ያየናቸውን አራት ነጥቦች እንጠቅሳለን።

አንደኛ፣ ስሙ ከመቁረጫው መስመር ውጭ መሆን አለበት። በፒዲኤፍ ውስጥ የወረቀቱ ሙሉ ስፋትና ከተቆረጠ በኋላ የሚቀረው ስፋት ለየብቻ ሊመዘገቡ ይችላሉ። አንዳንድ ፋይል ግን ያለ ኅዳግ ነው የሚመጣው፤ የገጹ ጠርዝና የመቁረጫው መስመር አንድ ናቸው። እንዲህ ባለው ላይ ስሙ በቀጥታ ቢጻፍ በሥራው ላይ ያርፋል። በሙሽሮቹ ስም ግርጌ የፋይል ቁጥር የታተመበት የሠርግ ጥሪ ማን ይፈልጋል? ስለዚህ በቅድሚያ ገጹ በዙሪያው እንዲሰፋ ይደረጋል፤ ስሙ የሚጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። የሚጻፈውም በቅጂው ላይ እንጂ በዋናው ፋይል ላይ መሆን የለበትም።

ሁለተኛ፣ የሚወጣው ስም የየትኛው ፋይል ነው? በኢንዲዛይን ውስጥ የሚጻፈው የሰነዱ ስም እንጂ የፒዲኤፉ ስም አይደለም። አንድ ሰው ፒዲኤፉን በኋላ ስሙን ቢለውጠው በገጹ ላይ ያለው የቀድሞው ስም ሆኖ ይቀራል። ያን ጊዜ ወረቀቱ አንድ ነገር፣ ኮምፒዩተሩ ሌላ ነገር ይናገራል። ደንቡ ቀላል ነው፤ ስም መለወጥ ካስፈለገ ሰነዱ በአዲስ ስም ተቀምጦ ፒዲኤፉ እንደገና ይወጣል።

ሦስተኛ፣ ስሙ በጥቁር ብቻ ከተጻፈ በጥቁሩ ሰሌዳ ላይ ብቻ ይታያል፤ ሦስቱ ሰሌዳዎች ያለ ስም ይቀራሉ። የባለሙያዎቹ መፍትሔ በአራቱም ሰሌዳዎች ላይ የሚወጣውን «ሬጂስትሬሽን» የሚሉትን ቀለም መጠቀም ነው። ይህ ለእኛ የተለየ ጥቅም አለው። የአማርኛው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ በጥቁር ስለሚታተም፣ እርማት ሲደረግ የሚለወጠው የጥቁሩ ሰሌዳ ብቻ ሊሆን ይችላል። አሮጌው ጥቁር ሰሌዳ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅሎ ቢታሰር ሥዕሉ ትክክል፣ ጽሑፉ ግን የቀድሞው ይሆናል። በአራቱም ላይ ስምና ቀን ካለ የመኪናው ሠራተኛ አማርኛ ሳያነብ ልዩነቱን ያየዋል።

አራተኛ፣ በወረቀቱ ላይ የሚወጣው መጥፎ ስም ከሆነ ዘዴው ሁሉ ከንቱ ነው። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ አዲስ»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚሉ ስሞችን ሁላችንም አይተናል። ከሦስቱ የትኛው እንደሚቀድም ማንም አያውቅም።

በፊደላችን ምክንያት የሚመጡ ጉዳዮች

ለአማርኛ ሥራ ስም ሲወጣ ስሙ ለሁለት ሰዎች እንደሚያገለግል አንርሳ፤ ለጻፈውም ለሚያትመውም። በእንግሊዝኛ ፊደልና በቁጥር ቢጻፍ ለሁለቱም ይነበባል። የዕብራይስጥ ፊደል ከቀኝ ወደ ግራ፣ ቁጥርና እንግሊዝኛ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄዱ፣ በአንድ ስም ውስጥ ሲቀላቀሉ ቅደም ተከተላቸው በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ ተዘበራርቆ ሊታይ ይችላል።

አሁን እኛ የምንጠቀምበት ስም አራት ነገር ብቻ ነው የያዘው። የጉዳዩ ስም፣ ቋንቋው፣ ቀኑ፣ የእርማቱ ቁጥር። ለምሳሌ ዳም-ሳሙይ፣ አማርኛ፣ 2024-03-11፣ ቁጥር 3። በቀኑ ውስጥ ዓመተ ምሕረቱ ይቀድማል፤ ከዚያ ወሩ፣ ከዚያ ዕለቱ። እንዲህ ሲጻፍ ኮምፒዩተሩ ፋይሎቹን በስም ሲደረድር በራሳቸው በጊዜ ቅደም ተከተል ይቀመጣሉ፤ አዲሱ ከሁሉም በታች ይገኛል።

ሌላው ጥራዙ ነው። የአማርኛ መጽሐፍ በግራ በኩል ይጠረዛል፤ የዕብራይስጥ በቀኝ። የዕብራይስጥ ሥራ የለመደ እጅ የአማርኛውን መጽሔት በቀኝ ጠርዞት ቢገኝ አንባቢው ከመጨረሻው ገጽ ይጀምራል። በሦስት የሚታጠፍ ወረቀትም እንዲሁ ሽፋኑ የሚውልበት ጎን ይገለበጣል። ስለዚህ በኅዳጉ ላይ ከፋይሉ ስም ቀጥሎ «በግራ ይጠረዛል» የሚል ቃል በዕብራይስጥ እንዲወጣ ብታደርጉ ከብዙ ጣጣ ትድናላችሁ።

ለቤታችሁ ስታሳትሙ

ይህ ሁሉ ለመሥሪያ ቤት ብቻ አይደለም። በማኅበረሰባችን ለሠርግ፣ ለባር ሚጽቫና ለባት ሚጽቫ፣ ለተዝካርና ለመታሰቢያ በየጊዜው ይታተማል፤ ብዙ ጊዜም በሁለት ቋንቋ። የአያት ስም ተሳስቶ ወይም የአዳራሹ አድራሻ ሳይታረም የታተመ ጥሪ የደረሰበት ቤተሰብ ጉዳቱን ያውቀዋል። ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን በታላላቆች ፊት የሚያሳፍርም ነው። ስለዚህ ወደ ማተሚያ ቤት ስትሄዱ የሚከተለውን አድርጉ፤ የዕብራይስጡ ቋንቋ ካስቸገራችሁ ልጆቻችሁ አብረዋችሁ ይሂዱ።

በማረሚያ ቅጂው ጠርዝ ላይ የፋይሉ ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ እንዲወጣ ጠይቁ። ይህ ለአዘጋጁ አንድ ምልክት መምረጥ ብቻ ነው፤ ከባድ ሥራ አይደለም።

አማርኛ ማንበብ የሚችል ሰው ሙሉውን፣ በተለይ ስሞችን፣ ቀኖችንና የስልክ ቁጥሮችን ድምፁን አሰምቶ ያንብብ። ሌላ ሰው ዋናውን ጽሑፍ ይዞ ይከታተል።

እርማት ካለ አዲስ ስም ያለው አዲስ ቅጂ ጠይቁ። አሮጌውን ቅጂ በግድም መስመር ሰርዙት እንጂ ከአዲሱ ጋር አትቀላቅሉት።

የምትፈርሙት ስም ባለበት ወረቀት ላይ ብቻ ይሁን። ከፊርማችሁ ጎን የፋይሉን ስም ጻፉ፤ የፈረማችሁበትንም ወረቀት ቅጂ ወይም ፎቶግራፍ ያዙ።

ዕቃውን ስትረከቡ ከሳጥኑ አንዱን አውጥታችሁ ከፈረማችሁበት ጋር አስተያዩ። ከዚያ በኋላ ነው ማደል።

ፊርማው ለምን ይህን ያህል እንደሚከብድ ማወቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገዛን ዕቃ በ14 ቀናት ውስጥ ለመሰረዝ መብት ይሰጣል፤ ዕድሜያቸው 65 ዓመት ለሞላ፣ አካል ጉዳት ላለባቸውና ለአዲስ መጤዎች ደግሞ ግዢው ከሻጩ ጋር በተደረገ ንግግር ከሆነ ጊዜው እስከ አራት ወር ይረዝማል። ነገር ግን ለአንድ ሸማች ብቻ ተብሎ በልዩ ትእዛዝ የተሠራ ዕቃ ከዚህ መብት ውጭ ነው። የልጃችሁ ስም የታተመበት ጥሪ ለሌላ ሰው አይሸጥምና «ሐሳቤን ለወጥሁ» ብሎ መመለስ አይቻልም። ማተሚያ ቤቱ ከፈረማችሁበት የተለየ ነገር አትሞ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ያዘዛችሁት እንዲፈጸም የመጠየቅ መብት አላችሁ። ስምምነት ቢጠፋ ጉዳዩ ወደ አነስተኛ ክሶች ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። በዚያን ጊዜ «እኔ ያጸደቅሁት ይህ ነበር» ብላችሁ የምታሳዩት ስምና ቀን ያለበት ያ ወረቀት ነው። ስም በሌለው ወረቀት ላይ ግን ቃላችሁ ከቃላቸው ጋር ብቻ ይጋጫል።

ሥራ ለሚፈልጉ ወጣቶች

በዚህ አጋጣሚ ወላጆች ልጆቻችሁ ስለዚህ ሙያ እንዲያውቁ ብታደርጉ መልካም ነው። የቅድመ ኅትመት ሥራ ጉልበት ሳይሆን ትዕግሥትና ጥንቃቄ የሚጠይቅ የኮምፒዩተር ሥራ ነው። ሠራተኛው ፋይሎችን ይመረምራል፣ ቀለምና ፊደል ያስተካክላል፣ ገጽ ይደረድራል፣ ሰሌዳ ያወጣል። ብዙ ጽሑፍ ወደ ስልክ በመዞሩ የወረቀት ኅትመት እንደ ድሮው አይደለም፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ማሸጊያ፣ ተለጣፊ ወረቀትና የመድኃኒት መመሪያ ግን ዛሬም ይታተማሉ።

ኮምፒዩተሩ ስሙን በራሱ ስለጻፈ ሰው አያስፈልግም ማለት አይደለም። ትእዛዙን የሚጽፈው፣ ስሙ የት ቦታ እንደሚያርፍ የሚወስነው፣ ሁለት ስሞች ሲጋጩ ሥራውን የሚያቆመው ሰው ነው። በተለይ አማርኛ የሚያነብ ወጣት በዚህ ቦታ ቢኖር የእኛ ዓይነት ስሕተት ከሰሌዳው በፊት ይያዝ ነበር። ስለዚህ በሥራ ማመልከቻው ላይ «አማርኛ አነባለሁ፣ እጽፋለሁ» የሚለውን አይተው። ለኮርስ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ግን የትኞቹ ፕሮግራሞች እንደሚሰጡ፣ በእውነተኛ ማተሚያ ቤት ልምምድ መኖሩን፣ የምስክር ወረቀቱን ማን እንደሚሰጥና ትምህርቱ ቢቋረጥ ገንዘቡ እንዴት እንደሚመለስ በጽሑፍ ጠይቁ።

ዛሬ በክሊኒካችን

ከዚያ ወዲህ በክሊኒካችን ሁለት ነገር ተለውጧል። አንደኛው፣ ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄደው እያንዳንዱ ፋይል በኅዳጉ ላይ ስሙን ይዞ ይወጣል፤ ቢሮ ያለችው ጸሐፊም አማርኛ ባታነብም ቁጥሩንና ቀኑን ከላክነው ጋር ታስተያያለች። ሁለተኛው፣ የኅዳጉ ስም ወረቀቱ ሲቆረጥ ስለሚወገድ በመመሪያው ግርጌ ላይ ሆን ብለን አንድ ደቃቅ መስመር አስቀርተናል። ቀኑና የእርማቱ ቁጥር እዚያ አለ። ሳጥን ሲደርሰን መጀመሪያ የምናየው እርሱን ነው። ከዚያም ከመካከላችን አንዷ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ታነበዋለች።

እናንተም ከክሊኒክ የአማርኛ ወረቀት ስትቀበሉ ግርጌውን ተመልከቱ። ቀኑ ያረጀ ከመሰላችሁ፣ ወይም ቀን ከሌለው፣ ወይም ወረቀቱ የሚለው ነርሷ በቃል ከነገረቻችሁ ጋር ካልተስማማ፣ ወረቀቱን ይዛችሁ መጥታችሁ ጠይቁን። ጥያቄው እኛን አያስቀይመንም። በቤታችሁ ያለውን አሮጌ መመሪያም አምጡልን፤ በአዲስ እንለውጥላችኋለን።

እኒያ እናታችን አሁንም ለክትትል ይመጣሉ። አዲሱን ወረቀት በሰጠናቸው ቀን በጣታቸው ግርጌውን እየነኩ፣ «ቁጥሩ ይህ ነው?» አሉን። አዎን አልናቸው። «እንግዲያስ ለጎረቤቴ ከማስነበቤ በፊት መጀመሪያ እርሱን አሳያታለሁ» ብለው ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።